የእጅ ልክ

ባለፈው እትም በዚህ ገጽ ላይ ያልተገናኘነው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከአገር ወጥቼ ስለነበር ነው። ጥምቀትን አክብሬ በሳምንቱ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ሄድኩ። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው እዚያ ነው። ባለቤቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ስለወለደች አራስ ልጠይቅ ነው የሄድኩት። ሻንጣዬ እንደማንኛችሁም ሻንጣ ነበር። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ለአራሷ የአጃ ዱቄት፣ ለሕፃኑ ነጭ ጋቢ። ከእነዚህ ጋር እማዬ በገዛ እጇ የሠራቻቸው አንድ ጥንድ የሱፍ ጓንቶች ነበሩ።

የዛሬው ወጋችን ስለ እነዚያ ጓንቶች ነው። ስለ ብርድ፣ ስለ ብስክሌትና ስለ እጅም ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ እኔ ሳላስብ በተናገርኳት አንዲት ቃል ምክንያት ለሳምንታት ስሜት ስላጡ ሁለት ጣቶች ነው።

«ትንሽ ጨምሪበት»

የገና ዕለት ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ የዚያን ወቅት ውርጭ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። እማዬ ደግሞ የመንዝ ልጅ ናት፤ በባና ተጠቅልላ ያደገች፣ ሱፍ ምን እንደሆነ ማንም የማያስተምራት ሴት። ቡናው ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ከምድጃው ዳር እንደተቀመጠች «እስቲ እጅሽን አምጪ» አለችኝ። ዘረጋሁላት። በክር ለካችው።

«የሱ ካንቺ በጣም ይበልጣል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ለበዓሉ ያወጣውን ማስታወቂያ ስንት ሰው እንዳየው እቆጥር ነበር። ቀና ሳልል «ትንሽ ጨምሪበት» አልኳት። እማዬም ጨመረችበት፤ እንዳልኳት፣ ትንሽ።

አስቡት እንግዲህ። እኔ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቢዝነስ ስማር በየክፍሉ የተነገረኝ አንድ ነገር ቢኖር «ደንበኛውን ሳትጠይቅ ምርት አትሥራ» የሚለው ነው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ወንድሜ ደግሞ በዚያ ስልክ ውስጥ ነበር። «እጅህ ስንት ነው?» ብዬ ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ወፍራም ጎማ

የእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ ነው። የእነሱ ክረምት ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቅ በረዶ ነው። በሚኒያፖሊስ በጥር ወር የሌሊቱ ቅዝቃዜ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህ እንግዲህ አማካዩ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ጥር ማብቂያ ላይ የዋልታ ብርድ ወርዶ ሳለ፣ በሚኒሶታ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ሳይቀር ደብዳቤ ማደሉን አቁሞ ነበር።

በዚህ ብርድ ወንድሜ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ነው። ስሰማ እንደ እናንተው «አበደ እንዴ?» ነው ያልኩት። እሱ ግን ሒሳቡን አስቀመጠልኝ። መኪናቸው አንድ ናት። ሁለተኛ መኪና ማለት ሁለተኛ ኢንሹራንስ፣ ሁለተኛ ነዳጅ፣ ሁለተኛ የማቆሚያ ኪራይ ማለት ነው። ሥራ የሚገባው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። መኪናዋን አራስ ቤት ጥሎ መሄዱ ደግሞ ለሕፃኑ ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ዋስትና ነው። ሒሳቡን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ፈገግ አለና «ደስም ይለኛል» አለኝ።

ብስክሌቱ የምናውቃት ዓይነት አይደለችም። ፋት ባይክ ይሏታል። ጎማዋ አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የሞተር ሳይክል ጎማ ነው የሚመስለው። የመኪናችንን ጎማ 30 ምናምን ፒኤስአይ እናስነፋዋለን አይደል? የእሷ ጎማ በበረዶ ላይ ሲሄድ ከ10 ፒኤስአይ በታች ነው የሚነፋው። ለስላሳ ስለሚሆን በረዶው ላይ ተዘርግቶ ይይዛል እንጂ አይሰምጥም። ይህን ዓይነት ብስክሌት መጀመሪያ ያዳበሩት በአላስካ በውሻ ሸርተቴ መንገዶች ላይ የሚወዳደሩ ሰዎችና በኒው ሜክሲኮ በአሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ለብዙኃኑ ገበያ ያቀረበው ደግሞ ሰርሊ የሚባለው የሚኒሶታ ኩባንያ ነው፤ ፐግስሊ የተባለችውን ሞዴል በ2005 እ.ኤ.አ. አወጣ። ስለዚህ በሚኒያፖሊስ ይህችን ብስክሌት በበረዶ መካከል ማየት ብርቅ አይደለም።

መንገዱም አለ። ሚድታውን ግሪንዌይ የሚሉት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበር። ዛሬ መኪና የማይገባበት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ በረዶ ሲጥልም ይጠረጋል። የወንድሜ የጠዋት ጉዞ አብዛኛው በዚያ ላይ ነው።

ሥራው ሆስፒታል ውስጥ ለምርመራ ደም መቅዳት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ደም የሚቀዳ ሰው ደም ሥሩን የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በጣቱ ጭምር ነው። በግራ እጁ ጠቋሚ ጣት የታማሚውን ክንድ ይጫናል፣ የደም ሥሩን ለስላሳ መልስ ይሰማል፣ ከዚያ በቀኝ እጁ መርፌውን ያስገባል። ያቺ የጣት ጫፍ እንጀራው ናት።

ሕመሙ ሲጠፋ

ጓንቶቹን ስሰጠው ወዲያው አጠለቃቸው። ጠበውታል። አየሁ፤ እሱም አወቀ። «ይሰፋሉ፣ ሱፍ አይደሉ!» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከወትሮው ትልቅ ጓንት ሥር ደርቦ ለብሷቸው ወጣ። የእማዬ ነውና ቤት ትቶት መሄዱ ከብዶት ነበር።

የዚያን ዕለት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነበር፤ ንፋስም ነበረው። ኋላ እንደነገረኝ፣ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የግራ እጁ ጠቋሚና መሐል ጣቶች ክፉኛ ያማቸው ጀመር። እነዚህ ሁለቱ ሁልጊዜ በፍሬኑ ላይ የሚያርፉ ጣቶች ናቸው፤ ፍሬኑ ደግሞ ብረት ነው። መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሕመሙ ቆመ። «ለመደልኝ፣ ሞቀኝ» ብሎ ደስ አለው። ቀጠለ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ፦ በብርድ የሚያም ጣት ሳይሞቅ ሕመሙ ከጠፋ ጣቱ አልዳነም፤ መስማት አቁሟል።

ሥራ ደርሶ ጓንቱን ሲያወልቅ ሁለቱ ጣቶች ከጫፋቸው ጠንክረው ሰም መስለው ነበር። ጫፍ ለጫፍ ሲያነካካቸው የሌላ ሰው ጣት የሚነካ መሰለው። ባልደረቦቹ ወዲያው ለብ ባለ ውኃ ነከሩለት። ሲቀልጥ የነበረውን ሕመም «ከዚህ ቀድሞ ያመመኝ ነገር ሁሉ ቀልድ ነበር» ነው ያለኝ። ማታ ላይ ጣቶቹ ውኃ ቋጠሩ። ሐኪሙ ቅዝቃዜው ከላይኛው ቆዳ ብዙም አለመዝለቁን፣ ስሜቱ ግን መቼ እንደሚመለስ እርግጠኛ ቀን ሊቆርጥ እንደማይችል ነገረው።

ለአምስት ሳምንታት ደም አልቀዳም። መዝገብ ክፍል ተቀምጦ ስም ሲመዘግብ ሰነበተ። ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኝበት የቅዳሜና እሑድ ተራውም ቀረ። አዲስ ለተወለደ ልጅ አባት ይህ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ሕፃኑን ታቅፎ በግራ ጠቋሚ ጣቱ የልጁን ጉንጭ ይነካና ዓይኑን ይጨፍን ነበር። የሚሰማው መሆኑን እየሞከረ ነበር። አይሰማውም። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ «ትንሽ ጨምሪበት» ያልኳት ቃል ጆሮዬ ላይ ትጮህብኝ ነበር።

እጅ ለምን ቀድሞ ይበርዳል?

ጥፋቴን ለማስተሰረይ ይሁን አላውቅም፣ የቀረውን ፈቃዴን ስለ እጅና ብርድ ስጠይቅና ሳነብ ቆየሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሰውነታችን ብርድ ሲሰማው መጀመሪያ የሚያድነው ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ነው። ስለዚህ ወደ እጅና እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። ሙቀት የሚደርሰን በደም ነውና፣ ደም የቀነሰበት ጣት ይቀዘቅዛል። ጣት ደግሞ ቀጭን ነው፤ ከመጠኑ አንጻር ለአየር የተጋለጠው ቆዳው ብዙ ነው። ጡንቻም የለውም ማለት ይቻላል፤ በራሱ ሠርቶ አይሞቅም። ብስክሌት ነጂ እግሩ ሲሠራ ይሞቃል፣ እጁ ግን መሪውን ይዞ ሳይንቀሳቀስ ፊት ለፊት ንፋሱን ይቀበላል።

የንፋሱ ነገር ቀላል አይደለም። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ባወጣው ስሌት መሠረት፣ አየሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲሆንና ንፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ፣ ለቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ነው። በዚያ ሁኔታ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊጎዳ ይችላል። ብስክሌት ነጂ ደግሞ ንፋስ ባይኖርም የራሱን ንፋስ ይፈጥራል።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ምክር ስለ ጓንት አይደለም። ደረታችሁ፣ አንገታችሁና ራሳችሁ ከሞቀ ሰውነት ለጣት ደም አይነፍግም። ወንድሜ የእጁ ጓንት ውድ ነበር፤ አንገቱ ላይ ግን ምንም አልነበረም። የእጅ አንጓም እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ ደም ሥሩ ለቆዳ ቅርብ ስለሆነ፣ በእጅጌና በጓንት መካከል ያለች ክፍተት ሁለቱንም ከንቱ ታደርጋቸዋለች።

ጠባብ ከስስ ይብሳል

ሙቀት የሚይዝልን ጨርቁ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። በጠባብ ጓንት ላይ ሌላ ጓንት ስንደርብ ሁለት ነገር እናጠፋለን። አየሩን ጨምቀን እናወጣለን፤ የጣቱንም ደም እናንቃለን። የወንድሜ ጣት የተጎዳው ሱፉ ስስ ስለሆነ አልነበረም፤ ጠባብ ስለነበረ ነው። ያለ ሱፉ በትልቁ ጓንት ብቻ ቢሄድ ኖሮ ሳይሻለው አይቀርም ነበር።

ስለዚህ ጓንት ስትገዙ እንዲህ ፈትሹ። ሁሉንም ድርብ ለብሳችሁ እጃችሁን ጨብጡ። ጨርቁ በጣት መገጣጠሚያ ላይ ከተወጠረ ጠቧል። በጣት ጫፍና በጨርቁ መካከልም ትንሽ ክፍት ቦታ ይኑር። ድርቡ ሦስት ሥራ አለው፦ ከውስጥ ላብ የሚመጥ ስስ ጓንት፣ ከመሐል አየር የሚይዝ እንደ ሱፍ ያለ ነገር፣ ከላይ ደግሞ ንፋስና እርጥበት የማያሳልፍ ሽፋን። የእጅ ሥራ ሱፍ ብቻውን ንፋስ ላይ ወንፊት ነው፤ ንፋስ የሚከለክል ነገር ሲጋርደው ግን ወርቅ ነው። እርጥበት ቢነካው እንኳ እንደ ጥጥ ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም።

ከአምስት ጣት ጓንት ይልቅ አውራ ጣት ብቻ ተለይቶ አራቱ ጣቶች በአንድ ኪስ የሚገቡበት ጓንት ይበልጥ ይሞቃል። ጣቶቹ እርስ በርስ ይተቃቀፋሉ፣ እያንዳንዷ ብቻዋን ብርዱን አትጋፈጥም። ጉዳቱ ፍሬን መያዝ ማስቸገሩ ነው። ለዚህ ብለው ሁለት ሁለቱን ጣቶች አንድ ላይ የሚይዝ፣ የሸርጣን መቆንጠጫ የሚመስል ጓንትም ይሸጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ምስጢር ላካፍላችሁ። ጓንት ላይ «እስከዚህ ዲግሪ ይሞቃል» የሚል ቁጥር ስታዩ አትቸኩሉ። እኔም እንዲህ ያለ መሥመር ጽፌ ስለማውቅ ነው። ያ ቁጥር እንደ ጫማ ቁጥር ሁሉም የተስማማበት ልክ አይደለም። ለሚራመድ ሰው ይሁን፣ ለሚቆም ይሁን፣ በንፋስ ፊት መሪ ይዞ ለሚነዳ ይሁን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም።

መሪው ጓንት ሲለብስ

ያገኘነው ትልቁ መፍትሔ ግን ጓንት አልነበረም። ፖጊ ይባላል። ጀልባ ቀዛፊዎችም ያውቁታል። መሪው ላይ፣ መያዣውንና ፍሬኑን ጭምር ሸፍኖ የሚታሰር ወፍራም ከረጢት ነው። እጃችሁን እንደ ካፖርት ኪስ ከኋላ በኩል ታስገባላችሁ። ንፋሱ ከውጭ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው አየር በእጃችሁ ሙቀት ይሞቃል። አንዳንዱ የዋናተኞች ልብስ ከሚሠራበት ኒዮፕሪን ነው፣ አንዳንዱ እንደ ብርድ ልብስ የታጨቀ ነው።

አንድ እሑድ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ሄደን፣ በተከራየኋት ፋት ባይክ እኔም ሞከርኩት። በልጅነቴ ደብረ ብርሃን ላይ ብስክሌት በሰዓት ተከራይቶ ከመንዳት ሌላ ልምድ የለኝም። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በረዶው ለስላሳ ስለሆነ ያመመኝ ሳቃቸው ብቻ ነበር። እጄ ግን አልበረደኝም። በፖጊው ውስጥ ስስ ጓንት ብቻ ነበር ያደረግሁት፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዲያውም ላበኝ።

ፖጊም ቢሆን የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እጅን ቶሎ ማስወጣትና ማስገባት መለማመድ አለባችሁ፤ ስትወድቁ እጃችሁ ተይዞ እንዳይቀር። የሚሸፍነው ደግሞ መሪው ላይ ያለውን እጅ ብቻ ነው። ካቴና ወልቆ ወይም ካላማዳሪ ፈንድቶ ብትወርዱ ስስ ጓንታችሁን ይዛችሁ በረዶ ላይ ትቆማላችሁ። ስለዚህ አንድ ደረቅ ትልቅ ጓንት ሁልጊዜ በቦርሳ ይኑር።

ትንንሽ ልማዶች

ጓንታችሁን ሞቆ አጥልቁት። ቀዝቃዛ በረንዳ ላይ ያደረ ጓንት መጀመሪያ የሚያደርገው የእጃችሁን ሙቀት መብላት ነው። ቤት ውስጥ ይደር፤ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁም ጓንቱም ይሙቅ። አንዴ የቀዘቀዘን እጅ መንገድ ላይ ከማሞቅ የሞቀን እጅ ማቆየት እጅግ ይቀላል።

መሪውን አትጨብጡት፤ ያዙት ብቻ። የጨበጠ እጅ ደም ያፍናል። ጣቶቻችሁን በየጊዜው አንቀሳቅሱ። ቀዝቀዝ ሲላችሁ ወረድ በሉና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እንደ ወፍጮ አሽከርክሩት፤ ደሙ ተገፍቶ እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል። የብረት ፍሬንን በላስቲክ ወይም በቴፕ መጠቅለል ርካሽ ነው፤ ብረቱ የጣትን ሙቀት እንዳይስብ ያደርጋል።

በትንንሽ ከረጢት የሚሸጡ የእጅ ማሞቂያዎችም አሉ። ውስጣቸው ያለው የብረት ዱቄት ነው። ከረጢቱ ሲከፈት ብረቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይዝጋል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዝገቱ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ ቀደም ብላችሁ ክፈቷቸው፤ አየር ካላገኙ ይጠፋሉ። በባዶ ቆዳ ላይ ግን አታሳርፏቸው፤ ያቃጥላሉ። በባትሪ የሚሞቁ ጓንቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ከበድ ይላል፣ ባትሪም በብርድ ቶሎ ይዳከማል።

ባዶ ሆድ አትውጡ፤ ሰውነት የሚሞቀው በሚበላው ነው። በሶ በማር በጥብጦ መጠጣትን ወንድሜ ከእኔ ሻንጣ በኋላ ነው ያስታወሰው። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠብባል። አልኮል ደግሞ ያሞቀ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የውስጥ ሙቀትን ያስወጣል። ጣታቸው በትንሽ ብርድ ቀለሙ የሚለዋወጥ ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ጣት አመድ ሲመስል

ብዙ መመሪያ «ጣት ነጭ ከሆነ ተጎድቷል» ይላል። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ግን ነጭ ላይመስል ይችላል። አመድማ ወይም ግራጫ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ላያስታውቅም ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ፤ በሌላው እጅ ንኩት። ከጠነከረ፣ ሰም ሰም ካለ፣ መነካቱ ካልተሰማችሁ ጉዞው እዚያ ላይ ይብቃ።

ወደ ሞቀ ቤት ግቡ። ቀለበት ካለ አውልቁ። ጣቱን ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ውኃውን የሚፈትነው ያልተጎዳ ክርን ወይም ሌላ ሰው ይሁን። አትሹት፤ በተለይ «በበረዶ እሹት» የሚለውን የድሮ ምክር አትስሙ። ምድጃ ወይም ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፤ የማይሰማ ጣት ሲቃጠልም አይሰማም። ተመልሳችሁ ብርድ ውስጥ የምትገቡና ዳግም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ እስከ ሕክምና ቦታ ድረስ አታቅልጡት፤ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ጣት ይበልጥ ይጎዳል። ውኃ ከቋጠረ፣ ከጠቆረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

የወረቀቱ እጅ

ወንድሜ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ብሎ አስምሎኝ ነበር። «ካወቀች ሁለተኛ ሱፍ አትነካም» አለኝ። እኔ ግን ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ሳምንት መቋቋም አልቻልኩም። ደብረ ብርሃን ሄጄ ነገርኳት። የእሷን ሥራ ሳይሆን የእኔን ቃል አስቀድሜ ነገርኳት።

ዝም አለች። እሳቱን ቆሰቆሰች። ከዚያ «የትኞቹን ጣቶች?» አለችኝ። ነገርኳት። የራሷን ጠቋሚና መሐል ጣት በሌላ እጇ ይዛ ጥቂት ቆየችና «እኔም እናቱ ነኝ፣ አንቺን ከመጠየቅ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ልክሳት ብዬ የሄድኩትን ጥፋት ተካፈለችኝ። ቀጥላ ደግሞ «በይ ልኩን አስልኪልኝ» አለችኝ።

ወንድሜ እጁን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በእርሳስ ሣለና ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን። ሳትመው የሕፃን እጅ አክሎ ወጣ። ፎቶ ልክ እንደማይጠብቅ ያኔ ነው ያሰብነው። ሁለተኛ ጊዜ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ አነሳው። በዚያ ለክተን በትክክለኛ መጠኑ አሳተምነው። እማዬ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ የራሷን እጅ ላዩ ላይ አስቀመጠች። ከዳር እስከ ዳር ይተርፋል። «ይሄን ያህል ሆኗል?» አለች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ፊቱን እንጂ እጁን አይታው አታውቅም።

አሁን የምትሠራው አውራ ጣቱ ብቻ የተለየውን ነው። ስነግራት መጀመሪያ «አራሱን ልጅ ነው ወይስ አባቱን ነው የማለብሰው?» ብላ ሳቀች። በፖጊው ውስጥ ንፋስ ስለማይደርስበት ሱፉ ብቻውን ይበቃል።

ወንድሜ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራው ተመልሷል። የጠቋሚ ጣቱ ስሜት ከሞላ ጎደል መጥቷል፤ የመሐሉ ጫፍ ገና ነው። አንዴ በብርድ የተጎዳ ጣት ለረጅም ጊዜ ብርድ እንደሚፈራ ሐኪሙ ነግሮታል። የመጀመሪያውን ደም የቀዳው ከአንዲት አሮጊት ክንድ ላይ ነው። «አንዴ ነው የወጋኋት» ብሎ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔም መልእክቱን ለእማዬ ሦስት ጊዜ አሰማኋት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በሚኒሶታም ሆነ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልምም ሆነ በደብረ ብርሃን ውርጭ የሚነዳ ወገን ያላችሁ፣ ልብስ፣ ጫማ ወይም ጓንት ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ልኩን ጠይቁት። እኛ ስናስታውሰው የነበረው ልክ የዛሬው ላይሆን ይችላል። ለወሩ ሰላም ሰንብቱ።